ከሰልፉ ጫፍ የቆመችው ልጅ፦ ጆሴፊን ቤከር ከመድረክ ወዲያ



ከእናንተ መካከል ቲያትር፣ ሙዚቃ ወይም ውዝዋዜ ልማር ብሎ ቤት ውስጥ ያነሳ ካለ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ያውቀዋል። ተምረህ ምን ልትበላ ነው? ተምረሽ የት ልትቀጠሪ ነው? ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ወላጅ ሁሌም ስለ እንጀራ ይጨነቃል። ግን መድረክ ላይ የተማሩት ነገር ከመድረክ ሲወርዱ ለምን ይሆናል የሚለውን ቁጭ ብሎ የሚያስብ ብዙ አይደለም።

ዛሬ የምንተርክላችሁ ሴት ሙዚቃዊ ቲያትርን የተማረችው ክፍል ገብታ አይደለም። ከመጋረጃ ጀርባ የሌሎችን ልብስ እየያዘች፣ እያለበሰችና በስርቆሽ እያየች ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዘፋኝ ሆነች፣ የፊልም ተዋናይ ሆነች፣ ሰላይ ሆነች፣ የጦር መኮንን ሆነች፣ የጥቁሮች መብት ተሟጋች ሆነች፣ የ12 ልጆች እናት ሆነች። በዕድሜዋ ማምሻም ከቤቷ ተጎትታ የወጣች ደሃ ሆነች። በመካከሉ አገራችንን የሚመለከት አንድ ከባድ ጥፋት አጥፍታለች፤ እሱንም አንዘለውም።

ስሟ ጆሴፊን ቤከር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ አቆጣጠር የሆነ ቦታ ላይ እንነግራችኋለን።

የአጣቢዋ ልጅ

ጁን 3 ቀን 1906 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደች። ሲወጣላት ስሟ ፍሬዳ ጆሴፊን ማክዶናልድ ነበር። እናቷ ኬሪ የሰው ልብስ እያጠበች የምታድር ሴት ናት። አባቷ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ኤዲ ካርሰን የተባለ ከበሮ መቺ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ያም ሆነ ይህ አብሯት አላደገም።

ድህነቱ እንደ ቀልድ የሚወራ አልነበረም። 8 ዓመት ሲሞላት በነጮች ቤት ተቀጥራ መሥራት ጀመረች። አንደኛዋ አሠሪ ልብስ ስታጥቢ ሳሙና አበዛሽ ብላ የልጅቷን እጅ አቃጥላታለች።

በጁላይ 1917 ደግሞ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ባለችው ኢስት ሴንት ሉዊስ ነጮች በጥቁሮች ሰፈር ላይ ተነሱ። ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ተገደለ። ከእሳቱ የተረፉት ጥቁሮች በድልድዩ ላይ እየሮጡ ወደ ሴንት ሉዊስ ሲሸሹ ጆሴፊን የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ያን ቀን ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገረው ኖራለች።

በ13 ዓመቷ ዳሯት፤ ትዳሩ ብዙም አልቆየም። በ15 ዓመቷ ዊሊ ቤከር የሚባል ሰው አገባች። እሱም ትዳር አልዘለቀም፤ ስሙን ግን ይዛው ቀረች። ዓለም የሚያውቃት በዚያ ስም ነው።

መድረክን ያገኘችው ከመንገድ ላይ ነው። መጀመሪያ በየመንገዱ ከሚጫወት የአንድ ቤተሰብ ባንድ ጋር ጨፈረች። ከዚያ ዲክሲ ስቴፐርስ የሚባል ተጓዥ ቡድን ወደ ከተማዋ መጣ። ከቡድኑ ጋር የመጣችው የብሉዝ ዘፋኝ ክላራ ስሚዝ ነበረች። ጆሴፊን አልባሽ ሆና ተቀጠረችና ከተማዋን ጥላ ወጣች።

ስህተትን መማር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በ1921 ኒውዮርክ ውስጥ «ሻፍል አሎንግ» የሚባል ሙዚቃዊ ቲያትር ተከፈተ። ሙዚቃውን የሠሩት ኖብል ሲስልና ዩቢ ብሌክ፣ ድርሰቱን የጻፉት ፍሎርኖይ ሚለርና ኦብሪ ላይልስ ናቸው። አራቱም ጥቁሮች ናቸው፤ መድረክ ላይ የሚታዩትም ሁሉ ጥቁሮች ናቸው። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ትርዒቱ ከ480 ጊዜ በላይ ታየ፤ ብሮድዌይም ለጥቁር ከያኒያን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ተዘግቶ ሊቀር አልቻለም።

ጆሴፊን ፊላዴልፊያ እያለች ለዚህ ቲያትር ተፈተነች። ወደቀች። ልጅ ነሽ አሏት፣ ቀጫጫ ነሽ አሏት፣ ጥቁረትሽም በዛ አሏት። የመጨረሻዋን ልብ በሉ፤ ጥቁሮች በሠሩት ቲያትር ውስጥ ሳይቀር ለተወዛዋዥነት የሚመረጡት ቀላ ያሉት ነበሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሷ ግን የቡድኑ አልባሽ ሆና ገባች። የሴቶቹን ልብስ ትይዛለች፣ ቁልፍ ትቆልፋለች፣ ጫማ ታቀብላለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ዓይኗ መድረክ ላይ ነው። ዘፈኑን በሙሉ ያዘች። የእያንዳንዷን ተወዛዋዥ እርምጃ ያዘች። ታዲያ አንድ ቀን ከሴቶቹ አንዷ መድረክ መውጣት ሳትችል ስትቀር ቦታዋን የሚሸፍን ሰው ተፈለገ። አልባሿ ሁሉንም ታውቀዋለች።

የቆመችው በተወዛዋዦቹ ሰልፍ ጫፍ ላይ ነበር። የሰልፉ ጫፍ በዚያ ዘመን የራሱ ሥራ ነበረው። ጫፍ ላይ ያለችው ልጅ አስቂኟ ናት። ሌሎቹ ወደ ቀኝ ሲሄዱ እሷ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ እርምጃው የጠፋባት ትመስላለች፣ ጉልበቷ ይተሳሰራል። ተመልካቹ ሲስቅላት ይቆይና በመጨረሻ ከሁሉም በላይ አሳምራ ስትጨፍር አፉን ይይዛል። ጆሴፊን በዚህ ላይ ዓይኗን አጣምማ የምታሳየው ፊት ነበራት። ሰው ትኬት ሲቆርጥ ያቺ ጫፍ ላይ ያለችው ልጅ አለች ወይ ብሎ መጠየቅ ጀመረ ይባላል።

ይህን ነገር እኛ ብዙ አሰብንበት። ምት ሳይስቱ ስህተተኛ ለመምሰል ትክክለኛውን ከማንም በላይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚያውቁትን ደብቆ እንደማያውቅ መታየት፣ ሁሉም እያየህ አንድም ሰው እንዳያውቅብህ ማድረግ ከባድ ጥበብ ነው። የጆሴፊን ቤከር ትምህርት ይህ ነበር። ወደፊት ሕይወቷን የሚያተርፈውም ይኸው ትምህርት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አያውቅም።

በ1924 እነ ሲስልና ብሌክ «ቸኮሌት ዳንዲስ» የሚባል ሌላ ሙዚቃዊ ቲያትር ሲያወጡ ለእሷ የሚሆን ቦታ ጨመሩላት። ደመወዟ በሳምንት 125 ዶላር ደረሰ። ሳሙና አባከንሽ ተብላ የተቃጠለችው ልጅ 18 ዓመቷ ነበር።

ፓሪስና የሙዙ ቀሚስ

በ1925 አንዲት አሜሪካዊት አዘጋጅ ወደ ፓሪስ የምትወስዳቸው ጥቁር ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች ትፈልግ ነበር። ለጆሴፊን በሳምንት 250 ዶላር ቀረበላት። በሴፕቴምበር መርከብ ተሳፈረች። ኦክቶበር 2 ቀን 1925 «ላ ሬቩ ኔግር» የተባለው ትርዒት በሻንዜሊዜ ቲያትር ተከፈተ፤ በማግስቱ ፓሪስ ስለ ሌላ ነገር አላወራችም።

በሚቀጥለው ዓመት ፎሊ ቤርዤር በሚባለው ትልቅ የትርዒት ቤት ከጎማ በተሠሩ ሙዞች የተያያዘ አጭር ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ያ ቀሚስ እስከ ዛሬ ከስሟ አይለይም።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። የፓሪስ ሰው በእሷ ላይ የሚያየው እሷን አልነበረም፤ በሐሳቡ የሳላትን ዱር የምትኖር አፍሪካዊት ነበር። ልጅቷ ደግሞ የሴንት ሉዊስ ከተማ ልጅ ናት፤ አፍሪካን በዓይኗ አላየችም። ሙዙ ንቀት ነበረበት ብሎ የሚከራከር ዛሬም አለ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ያኔም ግን የሰልፉ ጫፍ ልጅ መሆኗን አልረሳችም። ዓይኗን ታጣምማለች፣ ትቀልዳለች፣ በተመልካቹ ምኞት ላይ ራሷ ትስቃለች። ገንዘቡንም ትወስዳለች።

ሥራ አስኪያጇና ጓደኛዋ ፔፒቶ አባቲኖ የሚባል ሲሲሊያዊ ነበር። ራሱን መስፍን ነኝ እያለ ያስጠራ ነበር፤ ድሮ ድንጋይ ጠራቢ ነበር ነው የሚባለው። ሰውዬው አስመሳይ ይሁን እንጂ አንድ ነገር ገብቶታል፤ ሙዝ ታጥቆ መጨፈር ዕድሜ አይሰጥም። ስለዚህ ፈረንሳይኛ ተማረች፣ የድምፅ ትምህርት ወሰደች፣ ውዝዋዜዋን እንደ ገና አሠለጠነች። አውሮፓንና ደቡብ አሜሪካን ስትዞር ቆይታ በ1930 ካዚኖ ደ ፓሪ በሚባለው ቲያትር ቤት ስትወጣ የሙዟ ልጅ አልነበረችም። ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ስለ ሁለት ፍቅሮቿ፣ ስለ አገሯና ስለ ፓሪስ የምትዘፍን የተሟላች ዘፋኝ ነበረች። በ1934 «ዙዙ» በሚባለው ፊልም ዋና ተዋናይ ሆነች። በዚያው ዓመት የኦፈንባክን «ላ ክሪዮል» በመድረክ ተጫወተች። ከሰልፉ ጫፍ እስከ ዋናው ገጸ ባሕርይ ድረስ ሄደች ማለት ነው።

1935፦ በኛ ላይ የተናገረችው

አሁን ደግሞ የሚያመውን እንንገራችሁ።

በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን ሲያከማች ጆሴፊን ቤከር ከጣሊያን ጎን መሆኗን ለጋዜጠኞች ተናገረች። ንጉሠ ነገሥቱ ባሪያ የሚያስገብሩ ናቸው ብላ አመነች፤ ሙሶሊኒ ነፃ አውጪ ነው የሚለውን ፕሮፓጋንዳ ዋጠች። ጣሊያንን የሚረዳ የጥቁሮች ጦር እስከማሰባሰብ እሄዳለሁ ማለቷም በጊዜው ተጽፏል።

አስቡት። በዚያው ዓመት ሃርለም ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ሰልፍ ይወጡ ነበር፣ ገንዘብ ያዋጡ ነበር፣ ሄደን እንዋጋ ብለው ይመዘገቡ ነበር። አብራሪው ጆን ሮቢንሰን አገራችን ድረስ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል መርቷል። በዓለም ላይ ስሟ እጅግ የገነነው ጥቁር ሴት ግን በሌላ ወገን ቆመች። በኦክቶበር 1935 ጣሊያን መረብን ተሻገረ። የመርዝ ጋዙን፣ የየካቲት 12ን እልቂት ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ባርነት በአገራችን አልነበረም ብለን አንዋሽም፤ ነበር። ግን የሌላውን አገር በጋዝ የሚያጥን ሰው ነፃ አውጪ አይሆንም። መድረክ ላይ የተመልካችን ልብ የምታነብ ሴት የሮምን ትልቅ ተዋናይ ማንበብ አቃታት። ታዋቂ ሰው ስለማያውቀው ነገር ማይክ ሲሰጡት ምን ሊያደርስ እንደሚችል እናንተም በየቀኑ ስልካችሁ ላይ ታዩታላችሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም።

ያው 1935 ሳያልቅ ወደ ኒውዮርክ ሄደች፤ በጃንዋሪ 1936 «ዚግፌልድ ፎሊስ» በሚባለው ትልቅ ሙዚቃዊ ትርዒት ላይ ወጣች። ፓሪስ ያነገሣትን ሴት የኒውዮርክ ተቺዎች ቀጠቀጧት። አንዳንዱ ትችት ስለ ቆዳዋ እንጂ ስለ ሥራዋ አልነበረም። በዚያው ዓመት ፔፒቶ በካንሰር ሞተ። ወደ ፈረንሳይ ተመልሳ ኖቬምበር 30 ቀን 1937 ዣን ሊዮን የተባለ አይሁዳዊ ነጋዴ አገባችና የፈረንሳይ ዜግነት አገኘች።

ኖታው ላይ የተጻፈው

በሴፕቴምበር 1939 ጦርነቱ ሲጀመር የፈረንሳይ ጦር የስለላ መኮንን የሆነው ሻምበል ዣክ አብቴ ለሥራው የሚሆኑ ሰዎች ይፈልግ ነበር። አንድ የቲያትር ወኪል የጆሴፊንን ስም ሰጠው። አብቴ መጀመሪያ አልወደደውም፤ ዘፋኝና ተወዛዋዥ ሰላይ ሲባል በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተገደለችው ማታ ሃሪ ትዝ አለችው። ሲያገኛት ግን ሐሳቡን ቀየረ።

ሥራዋ ምን ነበር? ግብዣ መሄድ። ኤምባሲዎች ይጠሯታል፣ ትሄዳለች፣ ትስቃለች፣ ትሰማለች። ትልልቅ ሰዎች ከቆንጆ ዘፋኝ ፊት ትልቅነታቸውን ለማሳየት ይለፈልፋሉ። የምትሰማውን በእጇና በክንዷ ላይ ትጽፈው ነበር። እጇን ማን ይፈትሻል? አብቴ አደገኛ ነው ሲላት፣ ሰላይ ናት ብሎ የሚያስብ የለም ብላ ሳቀችበት ይባላል።

የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት የጣሊያን ኤምባሲ በር የተከፈተላት በ1935 ለሙሶሊኒ በተናገረችው ምክንያት ነው። እንደ ወዳጅ ያዩአታል። በኛ ላይ የተናገረችው ቃል በነሱ ላይ መግቢያ ሆነ። ጥፋቱን ያጥበዋል አንልም፤ ታሪክ ግን እንዲህ ነው የሚሄደው።

በጁን 1940 ፓሪስ በናዚዎች እጅ ወደቀች። ጆሴፊን ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ ውስጥ ሌ ሚላንድ የተባለ የተከራየችው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ነበራት። እዚያ የሚሸሹ ሰዎችን ሸሸገች። በኖቬምበር ደግሞ በስፔን አድርጋ ወደ ፖርቱጋል ጉዞ ጀመረች። ከእሷ ጋር ያለው ጸሐፊ ዣክ ኤቤር ይባላል፤ ሰውዬው አብቴ ነው፣ ፓስፖርቱ ሐሰት ነው። በሻንጣዋ ውስጥ የሙዚቃ ኖታ ወረቀቶች አሉ። በኖታዎቹ ላይ በማይታይ ቀለም ስለ ጀርመን ጦር የተሰበሰበው መረጃ ተጽፏል። አንዳንዱን ወረቀት ከውስጥ ልብሷ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዛዋለች።

ድንበር ላይ የሆነው ግልጽ ነው። ፈታሾቹ ሲያዩአት ይደነግጣሉ፣ ይደሰታሉ፣ ፊርማ ይለምኗታል። ሁሉም እሷን ሲያይ ከጎኗ ሻንጣ የሚሸከመውን ሰውዬ የሚያይ የለም። የሰልፉ ጫፍ ልጅ ጨዋታዋን እየተጫወተች ነው። ቲያትር ያስተማራት ይህንኑ ነው፤ ሰው የት እንደሚያይ ማወቅና የማያይበት ቦታ ላይ ሥራውን መሥራት።

በጃንዋሪ 1941 ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻገረች። ልብ በሉ፤ በዚያው ወር ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ሲገቡ እሷ ሞሮኮ ውስጥ ያንኑ ፋሺዝም የሚዋጉትን እያገለገለች ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ካዛብላንካ ውስጥ በጽኑ ታመመች። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ክሊኒክ ተኛች፤ ሞታለች ተብሎ አሜሪካ ውስጥ በጋዜጣ ወጣ። የታመመችበት ክፍልም ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም፤ ጠያቂ እየመሰሉ የሚገቡት ሰዎች መረጃ የሚለዋወጡበት ሆነ።

ተነሥታ መቆም ስትችል ሰሜን አፍሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን እየዞረች ለወታደሮች ዘፈነች። ጥቁርና ነጭ ወታደር ተለያይቶ የሚቀመጥበት ቦታ አልዘፍንም አለች። ጄኔራል ደጎል የሰጧትን የወርቅ መስቀል ለጨረታ አቅርባ ገንዘቡን ለትግሉ ሰጠች። በአየር ኃይሉ የሴቶች ክፍል የምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ አገኘች። ከጦርነቱ በኋላ የአርበኞች ሜዳልያ ተሰጣት፤ ዘግይቶም ክሯ ደ ጌርና ሌዢዮን ዶነር የተባሉት ሽልማቶች ደረቷ ላይ ተሰኩ።

ሜዳልያ ለብሳ ዋሽንግተን

በ1951 አሜሪካ ውስጥ ልዝፈን ብላ ስትመጣ ማያሚ ያለ አንድ ትልቅ የምሽት ክበብ ጋበዛት። ክበቡ ጥቁር ተመልካች አያስገባም ነበር። በውሉ ላይ ጥቁሮች ይገባሉ የሚል ካልተጻፈ አልወጣም አለች። ተጻፈ። በሜይ 20 ሃርለም በስሟ ቀን ሰየመላት፤ ሕዝብ መንገድ ሞልቶ ተቀበላት።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ስመ ጥር ምግብ ቤት አላስተናግድም ሲላት ጉዳዩን በአደባባይ አወጣችው። ዋልተር ዊንቸል የተባለው ኃያል የጋዜጣ ጸሐፊ ዘመተባት። ኮሚኒስት ተባለች፣ ኤፍቢአይ ፋይል ከፈተባት፣ ወደ ትውልድ አገሯ መግባት ለዓመታት አስቸጋሪ ሆነባት።

ኦገስት 28 ቀን 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ዝነኛ ንግግሩን ባደረገበት የዋሽንግተን ሰልፍ ላይ ከፈረንሳይ መጣች። 57 ዓመቷ ነው። ላባ የለም፣ የሚያብረቀርቅ ቀሚስ የለም። የለበሰችው የነፃይቱን ፈረንሳይ ወታደራዊ ልብስ ነው፤ ደረቷ ላይ ሜዳልያዎቿ አሉ። 250 ሺህ በሚሆን ሕዝብ ፊት ከተናገሩት እጅግ ጥቂት ሴቶች አንዷ እሷ ነበረች። አውሮፓ ውስጥ የነገሥታት ቤት እየገባሁ አገሬ ላይ ቡና የሚሸጥልኝ ሆቴል አጣሁ የሚል መልእክት ነበር ያስተላለፈችው። ሙሉ ሕይወቷን የመድረክ ልብስ ምን እንደሚናገር የምታውቅ ሴት ስለነበረች፣ ያን ቀን ምን መልበስ እንዳለባት ማንም አልመከራትም።

12 ልጆችና አንድ ቤት

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የኦርኬስትራ መሪውን ዦ ቡዮን አገባች፤ ሌ ሚላንድንም ገዛችው። መውለድ አልቻለችም ነበርና ከ1954 ጀምሮ ልጆች ማሳደግ ያዘች። ከጃፓን፣ ከፊንላንድ፣ ከኮሎምቢያ፣ ከአልጄሪያ፣ ከአይቮሪ ኮስት፣ ከቬኔዝዌላ፣ ከፈረንሳይም፤ በመጨረሻ 12 ሆኑ። የቀስተ ደመና ነገድ አለቻቸው። የተለያየ ዘርና ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች እንደ ወንድማማች መኖር እንደሚችሉ ለዓለም ማሳየት ነበር ሐሳቧ።

ሐሳቡ ውብ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ጥያቄ አለበት። ግቢውን ሆቴል፣ ቲያትርና የሰም ምስሎች ቤተ መዘክር ያለው መዝናኛ አደረገችው። ቱሪስት ከፍሎ ይገባል፤ ልጆቹንም ያያል። ራሷ በልጅነቷ የሰው ዓይን ማረፊያ ሆና ያደገችው እናት ልጆቿንም ሳታውቀው መድረክ ላይ አወጣቻቸው። ዛሬ ልጆቹን በየቀኑ ቪዲዮ የሚቀርጽ ወላጅ ስናይ ይህ ታሪክ ትዝ ይለናል።

ገንዘብ ደግሞ አያያዙን አታውቅበትም ነበር። ሠራተኛ በዛ፣ እንግዳ በዛ፣ ዕዳ ተከመረ። ቡዮን ጥሏት ሄደ። በ1968 ሌ ሚላንድ በሐራጅ ተሸጠ። በ1969 ከቤቷ አልወጣም ብላ ብትታገልም ተጎትታ ወጣች። በሌሊት ልብስ፣ ባዶ እግሯን፣ በኩሽናው በር ደረጃ ላይ ዝናብ እየመታት የተቀመጠችበት ፎቶ ዓለምን ዞረ። ያቺ የፓሪስ ንግሥት 62 ዓመቷ ነበር፤ የምትመለስበት ቤት አልነበራትም።

እጇን የያዘችው ሌላ የመድረክ ሰው ናት። የሞናኮዋ ልዕልት ግሬስ፣ የቀድሞዋ የሆሊውድ ተዋናይ ግሬስ ኬሊ፣ ሞናኮ አጠገብ ቤት እንድታገኝ ረዳቻት።

የመጨረሻው መጋረጃ

ዕዳ ያለበት ሰው ጡረታ አይወጣም። ወደ መድረክ ተመለሰች። በ1973 ኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል ስትወጣ፣ በ1936 የቀጠቀጣት ከተማ ተነሥቶ አጨበጨበላት።

ኤፕሪል 8 ቀን 1975 ፓሪስ ቦቢኖ ቲያትር ውስጥ የራሷን የሕይወት ታሪክ የሚያሳይ ትርዒት ከፈተች። ፓሪስ ከገባች 50 ዓመት መሙላቱ ነው። 68 ዓመቷ ነው፤ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች፣ ልብስ ትቀያይራለች። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ከጥቂት ቀን በኋላ አልጋዋ ላይ ራሷን ስታ ተገኘች፤ በዙሪያዋ ስለ ትርዒቷ በደስታ የጻፉ ጋዜጦች ተዘርግተው ነበር። ኤፕሪል 12 በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈች።

ፓሪስ በወታደራዊ ክብር ቀበረቻት ማለት ይቻላል። ጸሎተ ፍትሐቱ ላ ማድሌን ቤተ ክርስቲያን ሲካሄድ መንገዱ በሕዝብ ተጨናንቆ ነበር። ሥጋዋ ያረፈው ሞናኮ ነው።

ኖቬምበር 30 ቀን 2021፣ ፈረንሳዊት በሆነችበት ዕለት፣ ፈረንሳይ ታላላቆቿን በምታሳርፍበት ፓንቴዮን ስሟ ገባ። እዚያ ከገቡት ሴቶች 6ኛዋ፣ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። አስከሬኗ ከሞናኮ አልተነሣም። በሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠው አፈር ነው፤ ከሴንት ሉዊስ፣ ከፓሪስ፣ ከሌ ሚላንድና ከሞናኮ የመጣ።

ታዲያ መጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ስንመለስ፣ ለወላጆች ምን እንበል? ቲያትር ያበላል ብለን እንዳንምል፣ ጆሴፊንን አብልቷታል፣ አስርቧታልም። ጥበብ ያውቃል ካወቀም አይሳሳትም እንዳንል፣ 1935 አለ። ግን ድንበር ላይ ፈታሽ ፊት ስትቆም፣ የታመመችበት አልጋ ላይ፣ ማያሚ ውል ስትፈርም፣ ዋሽንግተን ማይክ ስትይዝ፣ ያወጣት ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ ይዛ የቀሰመችው ነገር ነው። ማንም ዲግሪ አልሰጣትም፤ የቦታ ስሙም የሰልፉ ጫፍ ነበር።

እናንተም አሁን የቆማችሁበት ቦታ ጫፍ ቢመስላችሁ፣ እዚያ ሆናችሁ ዓይናችሁን ከመድረኩ አታንሱ።

ታሪኩን ለወደደው፣ በተለይ ቲያትር ልማር ብሎ ቤት ውስጥ ለሚከራከር ጓደኛችሁ አድርሱልን። በሌላ ታሪክ እንገናኝ!